ጭረት የሌለበት ባቡር

የለንደን ጨረታ ቤት ደንበኞች ብልሃታቸው ያስቀናል። አንዱ መቶ ዓመት ያለፈው የአደን ጠመንጃ ገዝቶ ይቆልፍበታል፤ ቆቅ እንኳ አይደነግጥበትም። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራ የሆርንቢ ቆርቆሮ ባቡር ይገዛል። ካርቶኑ ካልተከፈተ፣ መንኮራኩሩ ሐዲድ ካልነካ ዋጋው ሰማይ ነው። ያገለገለ ዕቃ ይረክሳላ!

በዚህ ሚዛን ኢታንግን ማን ይስተካከላታል? በግንቦት 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል ኢታንግ አካባቢ፣ ባሮ ዳር፣ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ የንግድ ጣቢያ ፈቀደ፤ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ባቡርም በኢትዮጵያ ምድር እንዲያልፍ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተከፈተና የእንፋሎት መርከብ ቡና ሲያመላልስበት ኖሮ አረጀ። ባቡሩ ግን ከውሉ ወረቀት ስላልወጣ ጭረት የለበትም! ሐዲዱ አልዛገ፣ ፉርጎው አልተጋጨ፣ ትኬት ቆራጩም (እግዜር ይመስገን) ጉቦ አልበላ።

የአካባቢው የአኝዋ ባላባቶች በዝሆን ጥርስ የለወጡት ውጅግራ ጠመንጃማ በዚህ ሚዛን ከንቱ ቀረ። ማን ተኩሱበት አላቸው?

እንግዲህ ባቡሩ ለጨረታ ይውጣ። ተጫራቾች ሲፒኦ አስይዛችሁ ቅረቡ፤ ንብረቱ የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ሲሆን የማጓጓዣ ወጪ የገዢው ነው።