የኩራዝ ክር

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ውስጥ ሁለት ጾም ተገናኝቶ ነበር፤ የእኛ ሁዳዴና የጎረቤቶቻችን ረመዳን። ቀን ቀን በመንገዱ ሻይ የሚጠጣም ሲጋራ የሚለኩስም አይታይም። የላፋ ገበያ የሚሟሟቀው ከኢፍጣር በኋላ ነው። እኔ ግን የተከራየኋትን ክፍል ዘግቼ ቬፕ አጨስ ነበር። በጾመኛ ጎረቤት ፊት ጭስ ማትጎልጎል ነውር ነው ብዬ ነበር በሩን የምዘጋው፤ ዛሬም እንደዚያው አስባለሁ።

ቬፑን የገዛሁት ሲጋራ ለመተው ነው። ሱዳናውያን ወዳጆቼ በሲጋራው ፋንታ ቶምባክ ሞክር ይሉኝ ነበር፤ አትሩን ከሚሉት ጨው ጋር ተለውሶ ከንፈር ስር የሚያዘውን፣ ከዳርፉር የሚመጣውን ትምባሆ። ካንሰር እንደሚያመጣ ስለማውቅ እምቢ አልኩ። አገር ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሽያጭ ተከልክሏል፤ ሲበላሽብኝ ደውዬ የምጠይቀው ወዳጅ አልነበረኝም።

አንድ ሌሊት ስስበው የተቃጠለ ጨርቅ ጉሮሮዬን ሞላው። ሳሌ እስኪያስለቅሰኝ ሳልኩ። ፈሳሹ ተበላሽቷል ብዬ ደፋሁትና በማግስቱ ማታ በራክሻ ላፋ ሄጄ ሌላ ገዛሁ፤ የማንጎ ጣዕም ያለው፣ በጣም ጣፋጭ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜያት ደህና ነበር፤ ከዚያ ያው ጨርቅ ተመለሰ። ጭሱም ሳሳብኝ። ጉልበት አንሶት ነው ብዬ ዋቱን ወደ 25 ከፍ አደረግሁት። ከስህተቶቼ ሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ሦስት ቀን እንደዚያ ስስብ ከረምኩ፤ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ።

ያወቁብኝ እማማ ናቸው። የጎንደር ሴት ናቸው፤ ከግቢያችን በር ላይ ካለችው የኒም ዛፍ ስር፣ ጀንበር ስትጠልቅ ቡና ያፈላሉ። ቡና ላመጣ ስወጣ ልብሴን አሸተቱና፣

«ልጄ፣ ኩራዝ ታበራለህ እንዴ?» አሉኝ።

«መብራት እኮ አለ፣ እማማ።»

«እንግዲያ ይሄ የደረቀ ክር ሽታ ከየት መጣ? ጋዙ ሲያልቅ እኮ የሚነደው ክሩ ነው።»

ገብቼ ዕቃውን ፈታሁት። እውነታቸውን ነበር። ኮይል የሚሉት ነገር ትንሽ ጥምዝ ሽቦ ነው፤ ዙሪያውን ጥጥ አለበት። ጥጡ እንደ ኩራዝ ክር ፈሳሹን ይመጥጣል፤ ሽቦው ሲግል ፈሳሹ ይተናል። ጥጡ እስከራሰ ድረስ ሙቀቱ ፈሳሹን በማትነን ስለሚያልቅ ጥጡን አይነካውም። ከፈሳሹ አንዱ፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ በ188 ዲግሪ ይፈላል፤ ሌላው፣ ግሊሰሪን፣ በ290። ጥጡ ከደረቀ ግን ሙቀቱን የሚይዝለት ስለሌለ ይከስላል። የከሰለ ጥጥ ደግሞ ቢያጥቡትም አይመለስም። የእኔው ቡና መስሎ ጠቁሮ ነበር። ግሊሰሪን ከልክ በላይ ሲግል አክሮሊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ መጥበሻ ላይ ዘይት ሲያር ዓይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ይህን ያነበብኩት በኋላ ነው፤ ሦስቱን ቀን ሳስብ አሁንም ደረቴን ይጨንቀኛል። የተቃጠለ ጣዕም የመጣበት ሰው አንድ ጊዜ እንኳን ደግሞ መሳብ የለበትም።

ያልገባኝ ግን ፈሳሹ ግማሽ ሞልቶ ሳለ ጥጡ ለምን እንደደረቀ ነበር። ኮይሉን ወደ አምፖሉ አስጠግቼ ሳገላብጠው በደቃቅ ፊደል ከ12 እስከ 15 ዋት ይላል። የማንጎው ጣፋጭም ሽቦው ላይ እንዳረረ ስኳር ጋግሯል። ሁለቱም ምክንያት ናቸው። ዋናው ግን አሳሳቤ ነበር። ታናሽ ወንድሜ በሊቢያ በኩል ልሻገር ብሎ ከኦምዱርማን በጭነት መኪና ከወጣ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሌሊቱን ሙሉ እስባለሁ። አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን። ጥጡ የሚጠጣበት ፋታ አላገኘም።

አዲስ ኮይል ገዛሁ። ጥጡ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ አንጠባጥቤ፣ ዕቃውን ሞልቼ፣ ዋቱን 12 ላይ አድርጌ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነበረብኝ። አሥሩን ደቂቃ የጠበቅሁት እማማ ዘንድ ነው። ስለ ወንድሜ አልጠየቁኝም። ቶና ነበር፤ ስኒውን ሰጥተውኝ ፍሙን ማራገብ ቀጠሉ። አሥሩ ደቂቃ አልፎ በረካው እስኪደርስ ዕቃው ኪሴ ውስጥ ቆየ።

ወንድሜ የደወለው በሦስተኛው ቀን፣ ከኩፍራ ነው። ውሃ ጠጥቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሌላ ጥያቄ አልመጣልኝም። ጠጥቻለሁ አለኝ።

ሚያዝያ 7፣ ቀዳም ሥዑር ዕለት፣ ካርቱም ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ለፋሲካ የተገዛው ዶሮ ግቢ ውስጥ እንደታሰረ ነበር። እማማና እኔ በገዳሪፍ አድርገን መተማ ስንገባ እሳቸው ጀበናቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። የእኔ ቬፕ ካላክላ መስኮቱ ላይ ቀረ፤ ፈሳሹ ግማሽ ነበር።