ድንኳናችን ሥራ ሊፈታ ነው

እድር በማታ ሲሰበሰብ ያየ እኩያዬ ካለ እጁን ያውጣ። እኔማ ዕድሜ ደጉ አሳየኝ። የእድር ስብሰባ ድሮ እሁድ ጠዋት ነበር፤ ከቅዳሴ መልስ፣ ሰው ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ሆዱም ባዶ ስለሆነ ነገር አያንዛዛም። ዛሬ ግማሹ አባል ኮንዶሚኒየም ደርሶት ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ገብቷል፣ ወጣቶቹ እሁድ እሁድ ይተኛሉ፣ ስለዚህ ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተባለ። ጥሪው ደግሞ በቴሌግራም! ጡሩምባ ነፊያችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሊነጋጋ ሲል አንዴ ከነፉ ሰፈሩ በሙሉ ብድግ ይላል፤ ውሻ ያላዝናል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ አሮጊቶች ደረታቸውን ይይዛሉ። እንዴት ደስ ይል ነበር! ይኼ ቴሌግራም የሚሉት ግን ኪስ ውስጥ ጢው ብሎ ይቀራል። ቁም ነገርም የለው። ትናንት እስከ እኩለ ሌሊት ወደ ላይ እየገፋሁ አነበብኩት፤ አንድ የሚረባ አላገኘሁበትም። ዛሬ እደግመዋለሁ።

የሰዓት ነገርማ አይነሳ። ድሮ ያረፈደ ስሙኒ ይቀጣል። የቅጣት መዝገቡን ያገላበጠ ሰው እኔ ለእድሩ ምን ያህል ገቢ እንዳስገኘሁ ያውቃል። አሁን ማን ይቀጣል? ለ1 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ስደርስ ሳይጠብቁኝ ጀምረውታል። ሽማግሌ መጠበቅ ቀርቷል ወገኖቼ።

ውስጥ ስገባ ያ የጥንቱ አግዳሚ የለም። ስምንት ሰው ይይዝ ነበር፤ ጫፍ ላይ ያለው ሳይናገር ከተነሳ ሌላኛው ጫፍ ያለው መሬት ላይ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሰው ሲነሳ ይናገር ነበር፣ ጨዋነት ነበር። አሁን ፕላስቲክ ወንበር ነው፤ ሁሉም ለብቻው። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል፤ ፕሮጀክተር ተደቅኗል። «የዛሬው ተጋባዥ እንግዳችን» አለች መድረክ መሪዋ። እድርና ተጋባዥ እንግዳ ምን አገናኛቸው? እኛ የምናውቀው የእድር እንግዳ ለቀስተኛ ነው።

እንግዳው ወጣት ሐኪም ነው። የት ተማረ፣ የት ሠራ፣ ምን ተሸለመ ሲባል ሻዩ በረደ። ልጁን እንኳ አውቀዋለሁ፤ የቆርቆሮ በሬን በጨርቅ ኳስ ሲደበድብ ያደገ ነው። ያኔ ይኼ ልጅ የትም አይደርስም ብዬ ነበር። አሁንም ገና ነው።

ርእሱ ደም ብዛት ነው። ድምፅ አልባው ገዳይ ይባላል አለን። ላይኛው ቁጥር 140 ወይም ታችኛው 90 ከደረሰና በሌላ ቀን ሲለካም ከዚያ ካልወረደ፣ ሰውየው ምንም ባያመውም ታሟል ማለት ነው፤ ሕክምና ካላገኘ ውሎ አድሮ አንጎሉን ይመታዋል፣ ልቡን ያደክመዋል፣ ኩላሊቱን ይጎዳዋል። መድኃኒት የጀመረም ተሻለኝ ብሎ በገዛ ራሱ ማቋረጥ የለበትም። ወገኖቼ፣ በእኛ ጊዜ ደም ብዛት የሚባል በሽታ አልነበረም። ሰው ጤነኛ ነበር። ጤነኛ እንደሆነ ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጋደም እንዳለ ይቀራል። አባቴ እንደዚያው ናቸው፤ አጎቴም እንደዚያው። ምች ነው ይባላል፣ ይለቀሳል፣ አለቀ። ደግሞ ድምፅ አልባ ሞት ምን የሚሉት ነው? በጡሩምባ የሚታወጅ ሞት ነበረን እኮ!

ቀጥሎ ወደ ጨው ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፤ በርበሬው፣ ሽሮውና ዳቦው ውስጥ ያለው ጨው ሁሉ እዚያው ላይ ይቆጠራል አለ። ይኼኔ ደሜ ፈላ። ከአፋር በረሃ በግመል ተጭኖ የሚወጣው አሞሌ ለአያቶቻችን ገንዘብ ነበር፤ በአሞሌ ይሸጣል፣ በአሞሌ ይገዛል። የአገር ገንዘብ የነበረን ነገር እንዴት ጠላት ነው ትለኛለህ ልጄ?

እሱ ሊመልስ ሲል መብራት ጠፋ። ማሾው እያለ እንዲህ ያለ ጉድ አይተን አናውቅም፤ ማሾ ጢሱ ዓይን ቢያቃጥል እንጂ አይጠፋም። አንሶላው ጨለመ። ልጁ ግን አልደነገጠም፤ በስልክ መብራት ግቢ ወጥቶ የውኃ ጎማ እየጎተተ መጣና ቧንቧውን ክፈቱልኝ አለ። ውኃው በር ላይ ዝም ብሎ ይፈስ ነበር፤ ጫፉን በአውራ ጣቱ ሲጨቁነው ግን ተተኩሶ ገንዘብ ያዣችንን ከነደረሰኙ አጠበው። የደም ሥር ሲጠብም ግፊቱ እንደዚህ ነው አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ እድር የሳቅ ቦታ አይደለም። ግፊቱ የገባኝ ግን ያኔ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ይኼ ሰው አንሙት ነው የሚለው። ማን ፊት? እድር ፊት! ብረት ድስቱን፣ ድንኳኑን ከነብረቱ፣ ጣሳውን ምን ልናደርገው ነው የገዛነው? አባል ሁሉ ምክሩን ሰምቶ ጨው ከተወ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ከተራመደ፣ ድንኳናችን ዕቃ ቤት ውስጥ ብል ሊበላው ነው። እኔ ለዚህ እድር ከጎልማሳነቴ ጀምሮ ከፍያለሁ፤ ሳልጠቀምበት ሊቀር ነው እንዴ? ይህንኑ ለእድሩ ዳኛ ብነግራቸው፣ በዚያ በ1990ዎቹ የኤድስ ጊዜ የእድሮች ካዝና እንዴት እንደተራቆተ ረሱት ወይ፣ አንዱ ድንኳን ሳይነቀል ሌላው ይተከል አልነበረም ወይ፣ ስንቱ እድር ደንቡን ቀይሮ የታመመ ወደ መርዳት አልገባም ወይ አሉኝ። እውነት ነው፣ ያን ጊዜ የቀበርናቸው ልጆቻችን ነበሩ። ቢሆንም አለ ነገር፣ ድንኳኑስ?

አስተያየት ሲጠየቅ እጄን አወጣሁ። «አጭር ናት» ብዬ ነገሩን ከሥሩ ጀመርኩ፤ እድር ከጣሊያን ወረራ በኋላ በየሰፈሩ እንዴት እንደበዛ፣ አባቴ እንዴት እንደተመዘገቡ። የዛሬ ሰው መቼም ማዳመጥ አያውቅም፤ እንግዳው ራሱ ንግግር ሲያንዛዛ አመሸ። የእኔን ግን ወደውት ነው መሰለኝ በመሃል ደጋግመው አጨበጨቡ፤ እኔም በየጊዜው እያመሰገንኩ ቀጠልኩ። መብራት ሲመጣ ገና ደርግ ዘመን አልገባሁም ነበር።

በመጨረሻ በነፃ እንለካለን ተባለና ወረፋ ተያዘ። ወረፋ የዘንድሮ ሰው ያመጣው ነው፤ ድሮ ሽማግሌ ይቅደም ነበር፤ ቀደምኩ። ልጁ ቡና ጠጥተዋል ወይ አለኝ። ሁለት ስኒ ብቻ። ቡና ከተጠጣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም ጀርባዎን ወንበሩ ላይ አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ማረፍ አለብዎት አለ። «ደግሞ አባባ፣ ስለካ ዝም ይበሉ፤ ወሬም ግፊት ይጨምራል።» አያችሁ ስድብ በትህትና ሲመጣ? ቁጥሩ 158 በ94 ወጣ። መሣሪያው አዲስ ስለሆነ ነው አልኩት። በሌላኛው ክንዴ ለካው፤ ያም ክንድ ከመሣሪያው ጋር ተስማማ። ቅዳሜ ጠዋት ሳይቀሩ ይምጡና እንደገና እንየው አለኝ። የምሄደው መሣሪያው መበላሸቱን ላሳየው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ስብሰባው ላይ ከእኔ በፊት ደርሳ፣ ከእኔ በፊት ወጥታ ሽሮውን ጨው ነስታ ሠርታዋለች። ሽሮ አይሉት ምን። ጨው አምጪ ብላት እምቢ አለች። ንግሥት ሆናለች በአንድ ማታ። በማግሥቱ ግን የጎረቤት ልጅ ጥብስ ይዛ ስትመጣ ቀምሼ ጨው በዝቶበታል ብዬ መለስኩት፤ የዛሬ ልጆች እኮ መጠን አያውቁም።

ለሚመጣው ወር ደግሞ ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የሚያስረዳ ጠበቃ ይጋበዛል አሉ። እድር ፍርድ ቤት ነው ወይ? እኔ እንኳ አልሄድም። ምናልባት ብሄድ ከፊት ወንበር ያዙልኝ፣ ጆሮዬ ትንሽ ያስቸግረኛል። አስተያየቴንም ከወዲሁ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ አጭር ናት፣ አንድ ደብተር አልሞላችም።