ፍትወት አብራጅ፦ ቃሉና አረፋው

አናፍሮዲሲያክ ፍትወትን ያበርዳል ተብሎ የሚታመን ምግብ፣ መጠጥ ወይም መድኃኒት ነው። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ “አን” አፍራሽ ሲሆን የቀረው ከፍቅር አምላክ ከአፍሮዲት ስም የመጣ ነው። ባለቅኔው ሄሲዮድ ከባሕር አረፋ ተወለደች ብሎ ስሟን “አፍሮስ” ከተባለው አረፋ ያወጣዋል። የኋላ ሊቃውንት ይህን ቢጠራጠሩም፣ በአዲስ አበባው ቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል አካባቢ ለምናደርገው ጥናት የሚበጀው ይኸው ነው።

በአማርኛ ለነገሩ የጸና ስም የለም። ግእዝ “ፈተወ” ሲል ወደደ፣ ተመኘ ማለቱ ነው፤ ፍትወት የሚወለደው ከዚያ ነው። “ፀረ ፍትወት” እንዳይባል ከፀረ ተባይ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ይውላል፤ ጠርሙሱም የራስ ቅል ሥዕል ይፈልጋል።

የባዕዱ ዝርዝር ረጅም ነው። ጥንታውያኑ ሰላጣን ይጠረጥሩ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ሎኮክ በ1857 እ.ኤ.አ. ፖታሲየም ብሮማይድን ለሚጥል በሽታ የሞከረው ፍትወት ያበርዳል መባሉን ሰምቶ ነው። የእንግሊዝ ወታደርም ሻዬ ውስጥ ብሮማይድ ይጨምሩብኛል ሲል ኖሯል። የእኛም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የካፌውን ወጥ እንዲሁ ያማል፤ ማስረጃው የወጡ ጣዕም ብቻ ነው።

ሮማዊው ኦቪድ ከፍቅር መዳን ለሚሻ ሰው ሩታን አዟል። ሩታ የጤና አዳም ዘመድ ነው፤ ጤና አዳም ደግሞ እዚህ ቡና ውስጥ ይነከራል። እየነከረ የኖረው ሕዝብ ከመቶ ሚሊዮን ማለፉ የኦቪድን ማዘዣ ክፉኛ ያዳክመዋል።

አገሩ የሚታመነው በጾሙ ነው፦ ረቡዕና ዓርብ፣ የሁዳዴ 55 ቀን፣ ሌሎችም። ሥጋ፣ ቅቤና ወተት ይቀራሉ፤ ባልና ሚስትም መኝታ ይለያሉ፤ ለዚህ የሚጠቀሰው 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ነው። መጠኑ የታወቀ፣ የሚወሰድበት ቀን የተቆረጠ፣ ዋጋ የማይጠየቅበት መድኃኒት ይኸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የቃሉ ምሥጢር በሙሉ የሚገለጠው ግን በካቴድራሉ ዙሪያ ባሉት ካፌዎች ነው። በፍስክ ቀን ማኪያቶው የወተት አረፋ ደፍቶ ይመጣል። ጾም ሲገባ ወተቱ ይቀርና ጥቁር ቡና ይተካል። አፍሮስ ሄደ፣ አን ቀረ፤ አስተናጋጁ ግሪክኛ ሳይማር ቃሉን ተርጉሞ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል።

ጥናቱን ያወሳሰበው አኩሪ አተር ነው። አንዳንድ ካፌ በአኩሪ አተር ወተት የጾም ማኪያቶ ይሠራል፤ እሱም በእንፋሎት ሲመታ አረፋ ያወጣል። ጾሙ አልተሻረም፤ አፍሮዲት ግን ሲኒው አፍ ላይ ተመልሳ ቆማለች።