ለተቆረጠ ፊደል ሌሊት ማንጋት፦ የፌዝ ምክር ለጀማሪ ፕሮግራመሮች

መቀሌ የሚገኘው የቃላሚኖ ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስም በተማሪዎች መመዝገቢያ ላይ እንዲወጣ በሲ ቋንቋ ትንሽ ፕሮግራም ጻፋችሁ እንበል። «ቃላሚኖ» ይወጣል ስትሉ «ቃ» እና አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ወጣ። ስህተቱን ሳታገኙት እንዲነጋባችሁ ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ።

1. ፊደሉን በጣት ቁጠሩ። ቃ፣ ላ፣ ሚ፣ ኖ፦ አራት። ለማብቂያው ዜሮ አንድ ጨምሩና 5 ባይት ያዙ። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ እንደገባ፣ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍም እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት እንደሚወስድ እርሱት። ለስሙ 12፣ ለማብቂያው 1፣ በጠቅላላው 13 ባይት ያስፈልግ ነበር።

2. ዲበገር (የስህተት መፈለጊያ ፕሮግራም) አትክፈቱ። ጂዲቢ የተባለው ዲበገር እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አለ፤ እናንተ ግን ሜሞሪውን ከማየት ይልቅ ኮዱ ላይ ደጋግማችሁ አፍጥጡ።

3. ከከፈታችሁም «ኤክስ» የተባለውን የጂዲቢ ትእዛዝ በልኩ አትጠቀሙበት። ትእዛዙ ስንት፣ በምን መልክ፣ በምን መጠን ብሎ ይጠይቃል። «ኤክስ/5ዩቢ» (ስንት፦ 5፣ መልክ፦ «ዩ»፣ መጠን፦ «ቢ» ማለትም ባይት) ብላችሁ አድራሻውን ብትሰጡት 225 137 131 225 0 ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ «ቃ» ናቸው፤ አራተኛው «ላ» ሊጀምር ሲል የተቆረጠበት ነው። ይህን ካያችሁ ስህተቱ ተገኘ፤ ሌሊቱም አጠረ።

4. በ«ዩ» ፋንታ «ዲ» ጻፉ። 225 የነበረው -31 ሆኖ ይመጣል። ባይቱ ያው ነው፤ የተነበበው ግን አሉታዊም ሊሆን በሚችል ቁጥር ነው። እናንተ «ሜሞሪው ተበላሸ» በሉ።

5. «ዩ»ን መልሱና በ«ቢ» ፋንታ «ደብሊው» አድርጉ። አራቱ ባይቶች አንድ ቁጥር ሆነው 3783494113 ይላችኋል። ኢንቴል ፕሮሰሰር የቁጥሩን ትንሹን ባይት እንደሚያስቀድም ማንንም አትጠይቁ።

አሁን ምክሩን ገልብጡት። ቦታውን በባይት ለኩ፤ ከመገመታችሁ በፊት ሜሞሪውን እዩ፤ ስታዩም መልኩንና መጠኑን ራሳችሁ ምረጡ። ሜሞሪ ያለውን ያሳያል፤ የሚያሳስተው በተሳሳተ መለኪያ ማንበብ ነው። ይህን የምላችሁ ፊደላችን በኮምፒውተር ላይ ሳይጎድል እንዲኖር ስለምመኝ ነው። ስሙን በግእዝ ፊደል ያስመዘገበ ልጅ መዝገቡ ላይ ሙሉ ስሙን ሊያነብ ይገባል። 13 ባይት ስጡት፤ «ቃላሚኖ» ሙሉ ሆኖ ይወጣል።