ባክሶን የማበላሸት ሙሉ መመሪያ

ባክሶ የኢንዶኔዥያ ምግብ ነው። በጣም የላመ የበሬ ሥጋ ከካሳቫ ስታርች ጋር ተድቦልቡሎ ይቀቀልና በአጥንት መረቅ፣ ከኑድልና ከአትክልት ጋር ይቀርባል። በጃካርታ፣ በሶሎና በማላንግ ሻጮች ጋሪ እየገፉ፣ ሳህን በማንኪያ እየመቱ በየሰፈሩ ይዞሩበታል። የአሳማ ሥጋ ስለሌለበት፣ ሥጋው እንደየእምነቱ የታረደ ከሆነ፣ ጾም ባልሆነ ቀን ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እራት ይሆናል። ጥሩ ባክሶ ሲነከስ አይፈረካከስም፤ ጥርስን መለስ አድርጎ ይገፋል። ይህን ለማጥፋት የሚከተሉትን ስድስት ምክሮች በሥራ ላይ ማዋል ይበቃል።

፩. ሥጋውን ሞቅ እንዳለ ይፍጩት። መፍጫው በዞረ ቁጥር ሥጋው ይሞቃል፣ ስቡ ይለያል፣ ውሃውንም ይለቃል። ሲቀቀል ውስጡ ደረቅና አሸዋማ ይሆናል። ባክሶ እንዲያምርለት የሚፈልግ ሰው ግን ቀዩን ሥጋ ከጅማትና ከሞራ ያጸዳል፣ ፍሪዘር ውስጥ ያቀዘቅዛል፣ ሲፈጭም የተከሰከሰ በረዶ ይጨምርበታል። ለ1 ኪሎ ሥጋ 150 ግራም ያህል በረዶ ይበቃል።

፪. ጨውን መጨረሻ ላይ ነስነስ ያድርጉ። የጨው ሥራ ማጣፈጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልነበር። ነገር ግን የሥጋውን ፕሮቲን አውጥቶ እንደ ሙጫ የሚያያይዘው እሱ ነው። ስለዚህ ለ1 ኪሎ ሥጋ 20 ግራም ያህል ጨው ከሥጋው ጋር መጀመሪያ ይገባል፤ ነጭ ሽንኩርትና ነጭ ቁንዶ በርበሬ ይከተላሉ። ሊጡ እጅ ላይ እስኪጣበቅ ድረስ ይታሻል።

፫. ሥጋ ለመቆጠብ ስታርቹን ያብዙ። ለ1 ኪሎ ሥጋ ከ100 እስከ 150 ግራም ልክ ነው። ከዚያ በእጥፍ ሲያልፍ እንግዳዎ የሚበላው ሥጋ የሸተተ ሊጥ ነው።

፬. ውሃውን አንተክትከው ድብልብሉን ይወርውሩበት። የሚፈላ ውሃ ገና ያልያዘውን ሥጋ ይበትነዋል፣ ላዩንም ያሻክረዋል። ባለሙያዎቹ እንዲህ ያደርጋሉ፦ ሊጡን በግራ እጅ ጨበጥ፣ ከዚያ ጠበቅ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ክብ ድብልብል ብቅ ይላል። በእርጥብ ማንኪያ ተቀብለው ሙቅ ሆኖ ገና ባልፈላ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለው ይለቁታል። ሁሉም ከገባ በኋላ እሳቱን ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ። ድብልብሉ ሲንሳፈፍም ወዲያው አያወጡትም፤ መሃሉ እስኪበስል ጥቂት ደቂቃ ይታገሡታል።

፭. አትክልቱን ከሥጋው እኩል ይጣዱት። ጎመኑ ይጠወልጋል፣ የበቀለው ማሾ ይልፈሰፈሳል፣ መረቁም ይደፈርሳል። አትክልት ለባክሶ የሚያስፈልገው ከሥጋው ልስላሴ ጎን ቀጭ የሚል ነገር እንዲኖር ነው። ስለዚህ ለብቻው በፈላ ውሃ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነከር አድርጎ ማውጣት ነው። የሴለሪ ቅጠልና የተጠበሰ ቀይ ሽንኩርት ሳህኑ ላይ ይነሰነሳሉ። ማሾን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ያመርተዋል። በውሃ ዘፍዝፎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ በየዕለቱ ማለቅለቅ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበቅላል።

፮. ድካሙን በኬሚካል ይተኩት። በኢንዶኔዥያ አንዳንድ ሻጮች ባክሶው እንዲጠነክርና ሳይበላሽ እንዲቆይ ቦራክስ ሲጨምሩ ተይዘዋል። ቦራክስ የማጽጃ ኬሚካል ነው፤ የአገሪቱ መንግሥትም በምግብ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል። ከስድስቱ ምክሮች አምስቱ እራት ያበላሻሉ፣ ይሄኛው ሰው ይጎዳል። ለዚያውም የሚፈለገውን ጥንካሬ ቅዝቃዜ፣ ጨውና መታሸት በነጻ ይሰጣሉ።

ባክሶን የሚያበላሸው የዕቃ እጦት አይደለም፤ ሥጋው፣ ጨው፣ ጎመኑና ማሾው እዚሁ ገበያ ላይ አሉ። የሚያበላሸው ችኮላ ነው። ለዛሬ እራት ካሰቡት ሌላውን ነገር ይተዉና ሥጋውን አሁኑኑ ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡ።