የቁም ተዝካር

ሆሊውድን ስግብግብ እያሉ የሚያሙ ሰዎች ኃጢአት ይገባሉ። ስግብግብ ሰው ትርፉን እንጂ ኪሳራውን አይደግምም። ፓራማውንት በፈረንጅ 1988 «ከሚንግ ቱ አሜሪካ»ን አውጥቶ ከዓለም ዙሪያ ከ280 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ከዚያ አርት ቡክዋልድ የተባለው የሽሙጥ ጸሐፊ «ሐሳቡ የኔ ነው» ብሎ ከሰሰ። ድርሻውን ሲጠይቅ ኩባንያው የሒሳብ መዝገቡን ገለጠና የተጣራ ትርፍ የሚባል ነገር የለም አለ። በ1990 ፍርድ ቤቱ ለቡክዋልድ ፈረደ፤ ለኩባንያው ሐዘን ግን ማንም አልደረሰለትም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ሳንቲም ያላተረፈ ምስኪን ከ33 ዓመት በኋላ ያንኑ ኪሳራ ሊደግም ሲነሣ፣ ለኪነ ጥበብ የተከፈለ መሥዋዕትነት ካልሆነ ምን እንበለው?

መሥዋዕቱ የቀረበው በ2021 ነው። ኮቪድ ሲኒማ ቤቶችን ስለዘጋ የዚያ ፊልም ክፍል ሁለት ለአማዞን ተሸጠ፤ ዋጋው 125 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደነበር ያኔ ተዘግቧል። ይህም ከኪሳራ መዝገብ እንደሚገባ አልጠራጠርም።

የመጀመሪያው ፊልም ምን ነበር? የምናባዊቷ አፍሪካዊት አገር የዛሙንዳ ልዑል አኪም በሄደበት ጽጌረዳ እየተበተነለት ያደገ ልጅ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «እሺ» ማለት ብቻ የተማረች ሙሽራ ሲያቀርቡለት እምቢ ይልና፣ ለዘውዱ ሳይሆን ለራሱ የምትወደውን ሴት ፍለጋ ከጓደኛው ከሴሚ ጋር ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ይወርዳል። ሻንጣቸው ወዲያው ይዘረፋል። የተከራዩት ክፍል ወለል ላይ የተገደለ ሰው ቅርጽ በኖራ ተሥሏል። ልዑሉ በሀምበርገር ቤት ወለል ወልዋይ ሆኖ ይቀጠራል። የቤቱ ባለቤት ክሊዮ ማክዶውል፣ የማክዶናልድን ሁሉ ነገር ገልብጦ ሲያበቃ፣ «የነሱ ዳቦ ሰሊጥ አለበት፣ የኔ የለበትም» እያለ የሚከራከር ነጋዴ ነው። የልጁ እጮኛ ደግሞ የፀጉር ቅባት ሀብት ወራሽ፤ ቤተሰቡ የተቀመጠበት ሶፋ ላይ የቅባት ክብ ትቶ የሚነሣ። የፊልሙ ጥርስ አሜሪካ ላይ ነበር። ሀብታም ሁሉ ጨዋ፣ ስደተኛ ሁሉ ድኃ ነው ብላ የምታምነውን አገር፣ መጥረጊያ የያዘ ንጉሥ ቆሞ ያያታል።

(ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን ይህን ፊልም ያለ ትርጉም የገባቸው ለዚህ ይመስለኛል። ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ የመኪና ማቆሚያ የጠበቀ ሰው አኪምን ያውቀዋል። ልዩነቱ የኛው ልጅ ልዑል የሚሆነው ለእረፍት አዲስ አበባ ሲመጣ ብቻ መሆኑ ነው።)

አሁን ወደ ክፍል ሁለት እንምጣ። ርዕሱ ወደ አሜሪካ እንሄዳለን ይላል፤ ፊልሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዛሙንዳ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ከአሜሪካ የሚመጣ እንግዳ ይጠብቃል። እንግዳው ላቬል ነው፤ አኪም ሳያውቀው ኩዊንስ የወለደው ልጅ። እንዴት ተወለደ ያላችሁ እንደሆነ፣ ያ ለእውነተኛ ፍቅር ሲል ውቅያኖስ የተሻገረው ልዑል አንድ ምሽት በዕፅ ደንዝዞ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ከአንዲት ሴት ጋር አድሯል። ይህን ለማሳየት የድሮውን ምስል ከአዲስ ቀረጻ ጋር ሰፍተው፣ የተዋናዮቹን ፊት በኮምፒውተር አለስልሰው አቅርበውታል። ሴቷ ደንዝዛ ወንዱ ቢያድርባት ኖሮ የትኛው ደራሲ ቀልድ ብሎ ይጽፈው ነበር? እኛ ግን በሳቅ ብዛት ይህን ልብ የምንልበት ጊዜ አልነበረንም፤ ሳቁ ካለ ማለቴ ነው።

ልጁ ያስፈለገው የዛሙንዳ ሕግ ሴት አይነግሥም ስለሚል ነው፤ አኪም ያለው ሦስት ሴት ልጆች ናቸው። ሆሊውድ አፍሪካን እንዲህ ያውቃታል። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ዘውድ መጫናቸውን የሚነግራቸው አላገኙም። መጨረሻ ላይ አኪም ሕጉን ይሽርና ትልቋ ልጁ ወራሽ ትሆናለች፤ እኛም ለዚህ ታላቅ ድፍረት በ2021 እንድናጨበጭብ ተጠብቀናል።

የኔ ተወዳጅ ግን ኢማኒ ናት። በ1988 አኪም «በአንድ እግርሽ ዝለይ፣ እንደ ውሻ ጩኺ» ያላት ያቺ ታዛዥ ሙሽራ። በ2021 ስትመለስ አሁንም ትዘላለች፣ አሁንም ትጮኻለች። ሠላሳ ሦስት ዓመት! ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንኳ በአንድ እግራቸው የቆሙት ሰባት ዓመት ነው፤ ያውም ለጸሎት። በመጀመሪያው ፊልም ቀልዱ ያረፈው ሴትን እንዲህ አድርጎ በሚያሳድግ ቤተ መንግሥት ላይ ነበር። አሁን የቀረው እግሩ ብቻ ነው።

የኩዊንሱ ፀጉር ቤት ሽማግሌዎችም እዚያው ናቸው። ያኔም አርጅተው ነበር፤ አሁንም በዚያው ወንበር በዚያው ጨዋታ ይነታረካሉ። አኪምንና ሴሚን የሚጫወቱት ኤዲ መርፊና አርሴኒዮ ሆል በሜካፕ ተሸፍነው ብዙ ሰው ሆነው መጫወታቸው ያኔ ጉድ አሰኝቶ ነበር፤ አሁን ግን የሚጠበቅብን «እነሱ ናቸው!» ብለን መጠቆም ነው። ክሊዮም ዛሙንዳ ላይ ቅርንጫፍ ከፍቶ ያንኑ ክርክሩን ይዟል። ፊልሙ ራሱን በትክክል የገለጸው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሁሉ ነገር እንደ መጀመሪያው፣ ሰሊጡ ብቻ የለም። ዌስሊ ስናይፕስን አልበድልም፤ የጎረቤት አገሩ ጄኔራል ሆኖ እየጨፈረ በገባ ቁጥር ፊልሙ ይነቃል፣ እሱ ሲወጣ ተመልሶ ይተኛል።

ደራሲዎቹ አያውቁም እንዳትሉ። ላቬልና የቤተ መንግሥቷ ፀጉር አስተካካይ ሚሬምቤ ስለ አሜሪካ ሲኒማ ሲያወጉ፣ ማንም ያልጠየቀው የድሮ ፊልም ክፍል ሁለት እንደበዛ ያነሣሉ። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ንስሐው ከኃጢአቱ ጋር አብሮ ተፈጸመ፤ ከእንግዲህ የሚወቅሳቸው ሐያሲ ምን ቀረው? ሌባ ኪስህን እየፈተሸ «ሌባ በዝቷል፣ ተጠንቀቅ» ቢልህ ግን አመስግነህ አታልፍም።

ከሁሉ የሚልቀው የንጉሥ ጃፌ ጆፈር ነገር ነው። ጄምስ ኧርል ጆንስ የሚጫወተው ሽማግሌ ንጉሥ ሞት ሲቃረብ፣ ቀብሬን በቁሜ ልየው ይላል። እሱ ሳጥኑ ውስጥ እያለ ሞርጋን ፍሪማን ያወድሰዋል፣ ግላዲስ ናይት ታቀነቅንለታለች፣ ሥርዓቱ ሳያልቅም ይሞታል። አባቶቻችን ይህን የቁም ተዝካር ይሉታል፤ ሰው ገና ሳይሞት ድግሱን ደግሶ ራሱ አብሮ ይበላል። ክፍል ሁለትም የመጀመሪያው ፊልም ተዝካር ነው፤ የድሮ ዘመዶች ተጠርተዋል፣ ልብሱ አምሯል፣ ዘፋኙ በዝቷል፣ የሟች መልካም ሥራ አንድ በአንድ ተዘክሯል። ነውሩ ሟቹ ገና አለመሞቱ ነው። ያ የ1988 ፊልም ዛሬም ያስቃል፤ ማንም ተዝካር አውጡልኝ አላላቸውም።

ከመጀመሪያው ጋር ተካክሏል ወይስ አልተካከለም ለምትሉኝ መልሴ አጭር ነው። ያላችሁ አንድ ምሽት ብቻ ከሆነ የ1988ቱን እዩ። ሁለት ምሽት ካላችሁም ያንኑ ድገሙት።