አሥራ ሁለቱ ቴንሶች

ልጄ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሰሞኑን ማታ ማታ ደብተሯን ዘርግታ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ እየተወዘወዘች ትሸመድዳለች። «ፕረዘንት ፐርፌክት ቴንስ ኢዝ ዩዝድ ቱ ኤክስፕረስ…» ብላ ከጀመረች ሳትደናቀፍ እስከ ታች ትወርደዋለች። አባት አይደለሁ? ደስ አለኝና «ራትሽን በልተሻል?» ብዬ በዚያው በእንግሊዝኛ ጠየቅኋት። ዐይኗን ገለጠች። አሰበች። «አባዬ፣ ቹዝ አለው?»

ይህን የምጽፈው ላማርር እንዳይመስላችሁ። ላመሰግን ነው። ልጅን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ አስተምሮ፣ «በልተሻል?» ሲሏት ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ፍለጋ ዐይኗን እንድታንከራትት ማድረግ በቀላሉ የሚደረስበት ጥበብ አይደለም። ስንት ጠመኔ አልቆበታል!

ጥበቡ የሚጀምረው ከሠንጠረዡ ነው። መምህሩ ሰሌዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ያሰምርበታል። ወደ ጎን ፓስት፣ ፕረዘንት፣ ፊውቸር፤ ወደ ታች ሲምፕል፣ ኮንቲኒዩየስ፣ ፐርፌክት፣ ፐርፌክት ኮንቲኒዩየስ። ሦስት በአራት አሥራ ሁለት። ሐዋርያትም አሥራ ሁለት ነበሩ። ልዩነቱ፣ እነሱ በበዓለ ሃምሳ ባንድ ጠዋት በ72 ቋንቋ ተናገሩ ይባላል፤ እኛ አሥራ ሁለቱን ይዘን በአሥራ ሁለት ዓመት በአንዱም አልተናገርንም።

ከአሥራ ሁለቱ የምወደው የመጨረሻውን ነው፣ ፊውቸር ፐርፌክት ኮንቲኒዩየስን። የ9ኛ ክፍል መምህሬ «በሚመጣው ሰኔ ሳስተምር 20 ዓመት የቆየሁ እሆናለሁ» የሚል ምሳሌ በእንግሊዝኛ ጽፈውልን፣ እኛም በሁለት ቀለም ገልብጠነዋል። ከዚያ ወዲህ ይህን ቴንስ የሚያናግረኝ ሰው ስጠብቅ ኖሬያለሁ። በሚመጣው ሰኔ ስጠብቅ 30 ዓመት የቆየሁ እሆናለሁ።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ተማሪዎቹ ፕረዘንት ፐርፌክትን ከቤታቸው ይዘውት እንደሚመጡ አንድ ቀን ሊነቁ ይችላሉ። እንግዳ ቤት ገብቶ «ብላ እንጂ» ሲባል ምን ይላል? «በልቻለሁ» ይላል። «በላሁ» የሚል እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መብላቱ አልፏል፤ ጥጋቡ ግን አሁንም ሆዱ ውስጥ ነው፤ እጁን የማይሰድደውም ለዚህ ነው። ፕረዘንት ፐርፌክት የሚባለው ይኸው ነው፣ ያለፈ ነገር ዛሬ ላይ ሲደርስ። ይህን ለልጆቹ በአንድ ጉርሻ ማስረዳት ይቻል ነበር። ግን እንዲህ ቢቀልል ለፈተና ምን ይቀራል?

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩበትንም እንዳንነግራቸው እንጠንቀቅ። እኛ «ትናንት ነግሬሃለሁ» እንላለን፣ ነውር የለውም። እንግሊዝኛው ግን «ትናንት» ከተጠራ ፐርፌክቱን አይቀበልም፤ ሲምፕል ፓስት ይፈልጋል። ያገራችን ሰው «አይ ሃቭ ቶልድ ዩ የስተርደይ» የሚለው እናቱ ያስተማረችውን ይዞ ነው። ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ መክበብ እንጂ ከየት እንደመጣ መንገር ከሥርዓተ ትምህርቱ መውጣት ይሆናል።

ወደ አርቲክል እንለፍ። «አማርኛ አርቲክል የለውም፣ ስለዚህ ይከብዳችኋል» ተብለን ነው ያደግነው። አያቴ ተረት ሲጀምሩ «አንድ ንጉሥ ነበረ» ይላሉ፤ ቀጥለው «ንጉሡም…» ይላሉ። በመጀመሪያ «አንድ»፣ ከታወቀ በኋላ «ኡ»። እንግሊዝኛው በመጀመሪያ «ኤ»፣ ከታወቀ በኋላ «ዘ»። አያቴ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ሰው ናቸውና ምስክርነታቸው ውድቅ ነው።

«ኤ» እና «አን» ላይማ ጥበባችን ጫፍ ደርሷል። ሕጉ፦ ቃሉ በአምስቱ አናባቢ ፊደላት ከጀመረ «አን»፣ አለበለዚያ «ኤ»። እኔ ሕግ አክባሪ ነበርኩና «አን ዩኒቨርሲቲ» ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ። «ኤ አወር» ብዬም ጻፍኩ፣ ሰዓት ማለቴ ነው። ኤክስ። ለምን ብዬ ብጠይቅ መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ «ኤክሴፕሽን!»

እስቲ ሁለቱን ቃላት በኛው ፊደል ጻፏቸው። ዩኒቨርሲቲ በ«ዩ» ይጀምራል፣ የ«የ» ዘር ነው። አወር በ«አ» ይጀምራል። እንግሊዝኛው የሚከተለው ድምፅን እንጂ የተጻፈውን ፊደል አይደለም፤ የኛ ፊደል ደግሞ የሚጽፈው ድምፅን ነው። ስለዚህ ቃሉ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ በ«አ» ዘር ከጀመረ «አን»፣ በሌላ ከጀመረ «ኤ»። ኦነስት፣ ኤም ኤ፣ ኡምብሬላ ብትሉት አምብሬላ፣ «አን»። ዩሮፒያን፣ ዋን፣ «ኤ»። ኤክሴፕሽን የተባለው ሁሉ ከሀ እስከ ፐ የቆጠረ ሕፃን የሚፈታው ሆኖ አረፈው። ደግነቱ በግቢያቸው አማርኛ መናገርን የሚከለክሉ የግል ትምህርት ቤቶች አሉና ይህ አደጋ እዚያ አይደርስም።

ከርሞ ልጄ 9ኛ ክፍል ትገባለች። ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ። ጥያቄዎቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ሰው ሁሉ ስንፍና ነው፣ ኩረጃ ነው እያለ ተከራከረ፤ ጥያቄውን አንብበው ተረድተውት ይሆን ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም።

እንግዲህ አደራ፣ የእንግዳውን «በልቻለሁ»፣ የአያቴን ንጉሥ፣ የ«አ»ን ነገር ለልጆቹ እንዳትነግሩብኝ። የልጄ ፈተና ሐሙስ ነው። ሰባተኛው ቴንስ ላይ ደርሳለች።